ባለቤት ያጣ ጥይት

«ሂንታኡ! አይሆንም አልኩሽ እኮ፣ አይሆንም! ጠመንጃና ባጃጅ ምን አገናኛቸው?»

አያ ዓብዱ ይህን ሲሉ ወለሉን በከዘራቸው ስለመቱት፣ በከሚሴው የኢንሹራንስ ቢሮ ወረፋ የያዙት ሾፌሮች ሁሉ ዞር አሉ። ሽማግሌው ከጨፋ ሮቢት ድረስ የመጡት ለጠብ አልነበረም። ልጃቸው የሚነዳትን ባጃጅ የሦስተኛ ወገን ዋስትና ሊያሳድሱ ነው የመጡት። የወንድማቸው ልጅ ሰልማ እዚህ ቤት እንደምትሠራ ያውቃሉ፤ ወረፋው ግን ከመስኮት ሁሉ መርጦ እሷው ፊት ያቆመኛል ብለው አላሰቡም። ሰላምታው በወጉ ሳያልቅ ያ የከረመ የጠመንጃ ዋስትና ነገር ተነሣ።

«እኔ መቼ አገናኘኋቸው አያ?» አለች ሰልማ ማኅተሙን እያሳረፈች። «እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ። ለባጃጇ ዋስትና የሚገቡት ለምንድን ነው?»

«ሰው ብትገጭስ?»

«ልጅዎ ሰው ሊገጭ አስቧል?»

«አዑዙቢላህ! ምን ዓይነት አፍ ነው!»

«ሳያስብም ይገጫል ማለት ነዋ።»

«ባጃጅ ስትዞር ነው የምትውል። ጠመንጃ ከተሰቀለበት ነው የሚኖር። የአባቴ ምንሽር ይኸው ከምሰሶዋ ላይ ናት፤ ማንን ረገጠች?»

«ጠመንጃውማ ይቀመጣል፤ የሚዞረው ጥይቱ ነው።»

ከወረፋው ሳቅ ፈነዳ። «አያ፣ ረታችዎ! ይክፈሉና ተራውን ይልቀቁልን» አለ አንዱ ሾፌር። አያ ዓብዱ እንዳልሰማ ሆነው ወረቀታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። በሽምግልና ስንቱን አፈ ጮሌ ላሰከኑት ሽማግሌ በባጃጅ ነጂ ፊት መረታት ከበዳቸው። ሰልማም ፊታቸውን አይታ የምሳ ሰዓቷን ሰበብ አድርጋ ተነሣችና፣ «ይምጡ፣ መናኸሪያ ድረስ ልሸኝዎ» አለቻቸው።

የክርክሩ ሥር ያለው ሮቢት ነው። ባለፈው ዓመት መኸሩ ከገባ በኋላ እዚያ ድል ያለ ሰርግ ተደግሶ ነበር። ሙሽራው ሲገባ፣ እንደ አገሩ ወግ፣ ጠመንጃ ያለው ሁሉ አፈሙዙን ወደ ላይ አንሥቶ ለቀቀው። ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት እዚያው የሚቀር ይመስል፣ የት ይወርዳል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። አንዱ ጥይት እንግዶችን ታስታጥብ በነበረችው በረቢአ ቀኝ ትከሻ ላይ ወረደ። ረቢአ ባሏ የሞተባት፣ ገበያ ላይ በርበሬ እየሸጠች ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ናት። ሕይወቷ ተረፈ፤ ክንዷ ግን ተንጠለጠለ። ሐኪሞች ደሴ ሄዳ አጥንቷ እንዲሠራላት ነግረዋታል። ክረምት ሳይገባ ካልሄደች ክንዷ እንደደረቀ ይቀራል።

በልማዱ፣ ሰው የገደለ ወይም ያቆሰለ ጉማ ይከፍላል፤ የደም ካሳ ማለት ነው። ብቻውንም አይከፍልም፣ ጎሳው ያዋጣለታል። የጉማ አስታራቂው ደግሞ አያ ዓብዱ ናቸው። ስለዚህ በዚያ ሰርግ የተኮሱትን ሁሉ ሰብስበው እስላሙን በቁርኣን፣ ክርስቲያኑን በመስቀል አስማሉ። ሁሉም «ወደ ሰማይ ተኮስኩ እንጂ ሴትዮዋን መምታቴን አላውቅም» ብለው ማሉ። ክፋቱ፣ ሁሉም እውነታቸውን ነበር። ጉማ አድራጊውን ይፈልጋል፤ ባለቤት ያጣ ጥይት ግን ጎሳ የለውም።

ከዚህ የባሰ ሌላም መጣ። ለረቢአ ማሳከሚያ ልስጥ ያለ ሰው «ለካ ተኳሹ እሱ ነው» እንዳይባል ፈራ። በዚህ አገር ለቆሰለ ሰው ገንዘብ የሚያወጣ ያቆሰለው ወገን ነውና፣ መስጠት ማመን መሰለ። ደጉም ሰው ኪሱን ጨብጦ በሌላ መንገድ ያልፍ ጀመር።

ሰልማ ባለፈው የቅሬ ቀን ያቀረበችው ሐሳብ ከዚህ የተወለደ ነው። ቅሬ፣ እስላም ክርስቲያን ሳይል፣ የሰፈሩን ሰው በለቅሶና በችግር የሚያገናኝ ማኅበር ነው። ጠመንጃ ያለው አባል ሁሉ፣ ወደደም ጠላም፣ በየመኸሩ የመሣሪያ ዋስትና ያዋጣ፤ ሰው በስሕተት ሲቆስል ወይም ሲሞት ከዚያ ይከፈል፤ ጥይቱ የማን ነው አይባል፤ እምቢ ላለው ቅሬው በሰርጉም በለቅሶውም አይቁምለት። ሐሳቧ ይህ ነው። አያ ዓብዱ «ይታሰብበት» ብለው አሳደሩት። በሮቢት አያ ዓብዱ ያሳደሩት ነገር እሳቸው ካልቀሰቀሱት አይነሣም።

«ለመሥሪያ ቤትሽ ገበያ ስታሟሙቂ ነው እንጂ» አሉ የአስፋልቱን ዳር ይዘው ሲሄዱ።

ሰልማ ሳቀች። «መሥሪያ ቤቴማ፣ ለጠመንጃ ዋስትና ትገባላችሁ ወይ ብዬ ብጠይቅ ‹መጀመሪያ አንቺን እናሳክም› ነው ያሉኝ። ይሄ የቅሬው ነው አያ። ሣንቲሙም ከቅሬው እጅ አይወጣም።»

መናኸሪያው ጥግ ካለች ሻይ ቤት ተቀመጡ። የደሴና የሰንበቴ ረዳቶች ከወዲያ ከወዲህ ይጮሃሉ። አያ ዓብዱ ሻዩን ብዙ ስኳር ጨምረው ሲያማስሉ ቆዩና፣ እንደ ሽምግልና አመላቸው ከሥሩ ጀመሩ።

«ስሚ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ጉማ ለምን እንደተሠራ ታውቂያለሽ? ሰው እጁን እንዲሰበስብ ነው። ‹ብተኩስ አባቴ በሬውን ይሸጣል፣ አጎቴ ላሙን ይነዳል› ብሎ እንዲፈራ ነው። አንቺ አስቀድመሽ ካስከፈልሽው ፍርሃቱን ሸጥሽለት። ‹ከፍያለሁ› ብሎ እንደ ልቡ ይለቀዋል።»

ሰልማ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ይህን ጥያቄ ራሷም ስታወጣው ስታወርደው ሰንብታለች።

«ፍርሃትዎ ልክ ነው» አለች። «ለዚህ ነው ሆን ብሎ የመታ አይገባበትም ያልኩት። እሱን ሕግ ይይዘዋል፤ ጉማውም እንዳለ ይጠብቀዋል። ለቀረው ደግሞ፣ ጠመንጃውን ቆልፎ የሚያስቀምጥ ያነሰ ያዋጣ። ሰርግ ላይ ያንጣጣ በሚመጣው መኸር እጥፍ ይክፈል። እስከ ዛሬ ወደ ሰማይ መተኮስ ምን ያስከፍል ነበር?»

«ምንም።»

«ለዚህ ነዋ ሁሉ የሚተኩሰው!»

«እንግዲያ ፍርሃቱን አላጠፋሁትም፣ አስቀደምኩት ነው የምትይኝ።»

«ከለቅሶው በፊት አመጣሁት አያ።»

አያ ዓብዱ ሻያቸውን ፉት አሉ። «ግዴታ ማድረጉስ ለምን? የወደደ ይግባ፤ ያልወደደ ይቅር።»

«በውድ ከሆነ የሚገባው እንደ እርስዎ ያለው ነው። ሰርግ ሲያይ እግሩ መሬት የማይረግጠው ውጭ ይቀራል። ጠንቃቃው ለግድየለሹ መክፈሉ ነው። ለነገሩ አሁንስ? ጉማ ሲወጣ ጠመንጃ የሌለው ዘመድ እኩል አያዋጣም? አባቴ አፈሙዝ ነክቶ አያውቅም፤ በስንት ሰው ጥይት ከብት ነድቷል!»

«ዱጋ ነው» አሉ ሽማግሌው ሳይወዱ፤ እውነት ነው ማለታቸው ነው። «ወንድሜ ብዙ ነድቷል። አላህ ይዘንለት።» ደግሞም፣ «በኢንሹራንስ ነገር ዑለማዎቹም ይነታረካሉ» አሉ።

«ትርፍ ያለበት ላይ ነው የሚነታረኩት። ይሄ መረዳዳት ነው። ሳያስብ ሰው የገደለ ሰው ካሳውን ወገኖቹ ይሸከሙለት የሚለውን ማን ነው ያስተማረኝ? እርስዎ አይደሉም?»

«እኔ ነኝ። ያስተማርኩሽን መልሰሽ በእኔው ላይ ትተኩሺያለሽ!»

«ዋስትና አለኝ» አለች ሰልማ። ሽማግሌው ሳቃቸው አመለጣቸው። ወዲያው ግን ፊታቸውን ሰበሰቡ።

«ሽፍታውስ? እሱም ቅሬ ይከፍላል?»

«አይከፍልም። የሽፍታን ጥይት አያቆመውም፤ ክፉ ቀን ቢመጣም አይመልሰውም። ሲወለወል ለባረቀው፣ ሕፃን እጅ ለገባው፣ ለሰርጉ ጥይት ነው። ሁሉን በሽታ ስላልፈወሰ መድኃኒት ይጣላል?»

የሮቢት ሚኒባስ ረዳት ጠራ። አያ ዓብዱ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። «አፍሽ ሸጋ ነው። አብሽሪ፣ አልተቆጣሁም። ግን ጉማ የአባቶቻችን ነው። እኔ በቁሜ አላፈርሰውም» ብለው ተሳፈሩ። ሰልማ የረታች መስሏት ነበርና ባዶ እጇን ወደ ቢሮዋ ተመለሰች። ሽማግሌ በቃል ብቻ አይረታም፤ ቃሉን የሚመስል ነገር በዓይኑ ካላየ በቀር።

ሮቢት ወርደው ወደ ቤታቸው ሲያቀኑ ማስረሻ ከወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ሆኖ ጠራቸው። ማስረሻ አባቱ ለንግድ መጥተው እዚሁ የቀሩ ክርስቲያን ነው፤ በኦሮምኛ ግን አፉን የፈታው ከሮቢት ልጆች ጋር ነው። ቅንድቡ ዱቄት ለብሷል። ገና ሰላም ሳይባባሉ ረቢአ የማሽላ ዱቄቷን በግራ እጇ አንጠልጥላ ከውስጥ ወጣች። ቀኝ ክንዷ በሻሽ ከአንገቷ ታስሯል።

«ደኅና ዋሉ አያ? ከሚሴ ነበሩ?»

«አልሀምዱሊላህ። ክንድሽስ እንዴት ነው?»

«አለች። ባዝዛት አልሰማ አለች እንጂ አለች» ብላ ፈገግ አለች። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ያ ጥይት ባለቤት አገኘ?» ስትል ጠየቀች።

አያ ዓብዱ መሬት መሬት አዩ። «አላህ ያውቀዋል» አሉ።

«እሱማ ያውቀዋል። ደሴ የሚያደርሰኝ ግን የሮቢት ሰው ቢያውቀው ነበር።»

ቁጣ አልነበረባትም። የገበያ ዋጋ እንደሚናገር ሰው ነው የተናገረችው። ዱቄቷን ወደ ዳሌዋ ሳብ አድርጋ፣ ትከሻዋን እያዘመመች ሄደች።

«አዩዋት?» አለ ማስረሻ ከኋላዋ እያየ። «ዱቄቷን ላድርስላት ብዬ ብድግ አልኩና ተቀመጥኩ። ‹ማስረሻ ምን አሳዘነው?› ይላላ ሰው! የወፍጮውን እንኳ ከሌላው እኩል አስከፍላታለሁ፤ ፈርቼ።» እጁን በእጁ አራገፈ። «አያ፣ ጥይቱ የኔ ነው።»

«ምን አልክ?»

«የኔ ነው በሉ። ጉማውን እከፍላለሁ፤ ሴትዮዋ ትታከም።»

«አንተ ሰው! ተኩሱ ሳይጀመር የወፍጮህ ቀበቶ ተበጠሰ ተብለህ ስትሮጥ አይቼሃለሁ!»

«አንቱ ዝም ካሉ ማን ያስታውሳል? ክረምቱ ደረሰ። አንድ ሰው ጥፋተኛ ካልሆነ እሷ አትድንም። ያ ሰው እኔ ብሆን ምን አለበት?»

አያ ዓብዱ የሠራውን የካደ ብዙ አይተዋል። ያልሠራውን ልቀበል ያለ ግን ገጥሟቸው አያውቅም። ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ምን አለበት ትላለህ? ረቢአ ወንድሞች አሏት። ዛሬ ካሳ ተቀብለው ይታረቁሃል። ነገ ልጆቻቸው ‹የማስረሻ ወገን ደማችንን አፍስሷል› እያሉ ያድጋሉ። ልጅህ ገበያ ላይ ከልጃቸው ጋር ቢጋፋ ያልነበረ ደም ይነሣል። በዚህ ዘመን፣ በእስላምና በክርስቲያን መሀል የሌለ ደም እኔ ዓብዱ ልጨምር? በሐሰት የተከፈለ ጉማ ቁስል አያደርቅም ወንድሜ። ይዘራል።»

«ታዲያ ምን ይሁን? እንዲሁ እንያት?»

አያ ዓብዱ ከድንጋዩ ተነሡ። ከብቱ ከቦርከና ረግረግ እየተመለሰ መንገዱን ሞልቶት ነበር፤ በአቧራው መሀል እየተሹለከለኩ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ምሰሶዋ ላይ የተሰቀለችውን የአባታቸውን ምንሽር ቀና ብለው አዩዋት። ጉማ በጦር ዘመን የተወለደ ነው፣ አሉ በልባቸው። ጦር ከእጅ ወጥቶ ሰው እስኪወጋ ዓይን ይከተለዋል። ጥይትን የማን ዓይን ይከተለዋል? ልማድ ደጉን ሰው ንፉግ ካደረገው፣ ከደጎቹም ደጉን ዋሾ ካደረገው፣ አባቶች ያላዩት ነገር ገጥሞታል ማለት ነው። አባቶች ቢኖሩ ዝም ይሉ ነበር? የሰልማ ነገር አሁን በሌላ ድምፅ መጣባቸው፦ ጥይቱ የማን ነው አይባል። ያን ጊዜ ስንፍና መስሏቸው ነበር፤ አሁን ምሕረት ሆኖ ታያቸው።

በቅሬው ቀን ሰዉ በማለዳ ከአስፋልቱ በላይ ካለው ዋርካ ሥር ተሰበሰበ። ሰልማም ከከሚሴ መጥታ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች። አያ ዓብዱ ሲነሡ ሁሉ የእምቢታ ቃል ጠበቀ።

«ያሳደርኩትን ነገር ልቀስቅሰው መጥቻለሁ» አሉ። «ይህ የመሣሪያ ዋስትና ይግባ እላለሁ።»

«ሰልማ ሻይ ጋበዘቻቸው መሰል!» አለ አቡበከር፣ በሮቢት ሰርግ ሁሉ ቀድሞ በመተኮስ የታወቀው ጎረምሳ።

«ጋብዛኛለች። ስኳሩን እንጂ ነገሩን አልዋጥኩላትም ነበር። አሁን እኔን አድምጥ። በዚያ ሰርግ ተኩሰሃል?»

«ተኩሻለሁ። ምያለሁም።»

«ጥይትህ የት ወረደ?»

አቡበከር ወደ ሰማይ ቀና አለ። «እንጃ» አለ።

«እንጃ! ሁላችሁም ‹እንጃ› ነው የማላችሁልኝ። ያ እንጃ ነው ረቢአን ያቆሰላት። እንግዲህ እንጃው የሁላችንም ከሆነ ዕዳውም የሁላችን ይሁን። ጠመንጃ ያለው ያዋጣ፤ ጠመንጃ የሌለው ዘመድ ከብቱን ይዞ በሰላም ይደር። ቆልፎ ያስቀመጠ ይቀነስለት፤ ሰርግ ላይ ያንጣጣ እጥፍ ይክፈል።»

«በእልልታ ብቻ ልንዳር ነው!» ሲል አጉረመረመ አቡበከር።

«እልልታ ወርዶ ማንን አቁስሏል?» አሉ ሽማግሌው። ሴቶቹ ባሉበት ሳቅ ሆነ፤ አንዷም ማስረጃ እንዲሆን እልል አለችበት። «ሆን ብሎ ደም ያፈሰሰ በዚህ አይጠለልም። ለእሱ ሕግ አለለት፣ ጉማም አለለት። ጉማን አላፈረስኩም። ጉማ የማይደርስበት ቦታ ድረስ መንገድ ቀጠልኩለት። ከዛሬ ወዲያ ለቆሰለ ሰው የሰጠ ሁሉ አቁሳይ አይባል፤ ለመዳንም ጥፋተኛ እስኪገኝ አይጠበቅ። እንስማማ ካላችሁ የመጀመሪያው ወጪ ለረቢአ ነው።»

አንድ ሽማግሌ እንኳ ከቅሬው ካስቀረን ማኅበሩ ይጎዳል ያለ አለ፤ ድኻው ጠመንጃውን ይደብቃል ያለም አለ። ሰልማ ተጠይቃ ቆማ፣ ለድኻው ጊዜ እንዲሰጠው፣ ከቻለም በጉልበቱ እንዲከፍል ሐሳብ አቀረበች። የደበቀ ግን ቅሬውን እንዳጣ ይወቀው አለች። ቅሬ አጥቶ የሚቀበር ማን ይወዳል? ጉባኤው ብዙ ከተሟገተ በኋላ ተስማማ። ሼሁም ዱዓ አደረጉ፤ ካህኑም ባረኩ። ጋቢ ተነጠፈ። ጠመንጃ ያለው እየተነሣ ጣል አደረገ፤ አቡበከርም ጣለ፤ ማስረሻም ጣለ። ሁሉ አንድ ጊዜ ስለ ጣለ ማንም ማንን አልጠረጠረም። የተሰበሰበው ተቋጥሮ፣ ረቢአን ደሴ ይዛት እንድትሄድ ለሰልማ ተሰጠ፤ ረቢአም ቤቷ ሄዳ ጓዟን ሸክፋ መጣች።

ነገሩ አለቀ ሲባል አቡበከር እንደገና ተነሣ። «ጥያቄ አለኝ። የአያ ዓብዱ ምንሽር ግን ትማር! ከጃንሆይ ወዲህ ተኩሳ አታውቅም፤ ዝገት በልቷት የሞተች ናት። ለሬሳ ዋስትና አይገባም!»

ዋርካው ሥር ሳቅ ሞላ። አያ ዓብዱ ከዘራቸውን አንሥተው ቆሙ።

«ማን? የአባቴ ምንሽር? እሷ ናት የሞተች? አንተን ትቀብርሃለች! እንደ ማንኛውም ጠመንጃ እኩሏን ትከፍላለች!»

«እንግዲያ ትተኩሳለች ካሉ አምጥተው ያሳዩን!»

«ላሳይህና እጥፍ ልታስከፍለኝ ነው? ብልጥ!»

«ቆልፈው ካስቀመጧት ደግሞ ቅናሽ አላት» አለ ሌላው። «ምሰሶ ላይ መስቀል መቆለፍ ነው ወይስ አይደለም?» አለ ሦስተኛው። በዚህ ደግሞ አዲስ ሙግት ተከፈተ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራ ጀመር።

ከታች አስፋልቱ ላይ የደሴ ሚኒባስ ጡሩንባውን ነፋ። ማስረሻ ከሰዉ መሀል ተነሥቶ የረቢአን ጓዝ ትከሻው ላይ አደረገና ቀድሟት ወረደ። እሷ ክንዷን በሻሹ ላይ እንደያዘች፣ ሰልማ እየደገፈቻት ተከተለችው። ጓዟን ከወንበሩ ሥር አስገባላት፤ ሁለቱ ሴቶች ተሳፈሩ፤ በሩ ተዘጋ፤ ሚኒባሱም በከሚሴ በኩል ወደ ደሴ ተንቀሳቀሰ። ማስረሻ እጁን በሱሪው ላይ አራግፎ ወደ ዋርካው ተመለሰ። የት ነበርክ ያለው ሰው የለም። ምንሽሯ ሞታለች፣ አልሞተችም የሚለው ነገር ገና አልተፈታም ነበር።